ጀልባና መርከብ በጨው አልባ ሐይቆች ላይ የሚያደርሱት ተጽዕኖ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በሐይቅ ዳር የሚኖሩ፣ በጀልባ የሚተዳደሩና በውሃ ጥበቃ ላይ የተሰማሩ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የሚያተኩሩት በሐይቅ ላይ ነው፤ በባሕር ላይ ቀላል መስሎ የሚታይ ነገር በተከበበ ውሃ ውስጥ ሌላ መልክ ይይዛልና።

ሐይቅ ሰፊ ውሃ ነው፤ ከጀልባ የሚወጣው ጥቂት ቆሻሻ በራሱ ጊዜ አይጠራም?

ወንዝ የተጣለበትን ይዞ ይሄዳል፤ ሐይቅ ግን ያስቀራል። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ያለው ውሃ በአዲስ ውሃ እስኪተካ ድረስ የሚወስደው ጊዜ ከሐይቅ ሐይቅ እጅግ ይለያያል። ከሰሜን አሜሪካ አምስቱ ታላላቅ ሐይቆች መካከል ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነው ኢሪ ውሃውን በ2.6 ዓመት ገደማ ሲተካ፣ ሱፒሪየር 191 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ድንበር ላይ የሚገኘው ታሆ ደግሞ ወደ 650 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሐይቁ በገዘፈና በጠለቀ መጠን ቆሻሻን የመሸከም አቅሙ ይጨምራል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ጥልቅ ሐይቅ ዛሬ የገባበትን ለልጅ ልጅ የሚያቆይ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። የሐይቅ ሕይወት በሐይቁ ስፋት ሁሉ እኩል አልተሰራጨም። ዓሦች የሚራቡበት፣ የውሃ ተክሎች ሥር የሚሰዱበት፣ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት አብዛኛው ቦታ ብርሃን እስከ ወለሉ የሚደርስበት ጠባቡ የዳርቻ ክፍል ነው። ጀልባዎችም የሚበዙት እዚያው ነው።

ይበልጥ የሚጎዳው ትልቁ መርከብ ነው ወይስ ትንሿ ጀልባ?

መልሱ በጉዳቱ ዓይነት ይወሰናል። ከሩቅ ውሃ ባዕድ ፍጥረታትን በማምጣት ረገድ ውቅያኖስ አቋራጭ መርከብ ተወዳዳሪ አልነበረውም። በጥልቁ ውሃ መካከል በተወሰነ መስመር የሚጓዝ የጭነት መርከብ ግን ዳርቻውን በቀጥታ የሚነካው ወደብና ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። የመዝናኛ ጀልባ በአንጻሩ በቁጥር ይበዛል፣ ጥልቀት ወደሌለው ባሕረ ሰላጤ ይገባል፣ ሸምበቆ ሥር ይጠጋል፣ አንድ ቦታ ላይ ሰዓታት እየተመላለሰ ይውላል። በእኔ ግምት የጀልባን ጉዳት ለመመዘን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የጀልባው ርዝመት ወይም የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን የውሃው ጥልቀት ነው፤ ቀጥሎ ፍጥነቱ፤ ከዚያም ጀልባው ባለፈው ሳምንት የት እንደነበረ።

ነፋስም ሞገድ ያስነሳል፤ የጀልባ ሞገድ በምን ይለያል?

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ክርክሩም ብዙ ጊዜ በትክክል የሚነሳው በጀልባ ባለቤቶች ነው። ሰፊና ገላጣ በሆነ ሐይቅ ላይ ዐውሎ ነፋስ በአንድ ቀን የሚያፈሰው የሞገድ ጉልበት ጀልባዎች ከሚያስነሱት ሊበልጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ዳርቻም ከጥንት ጀምሮ በነፋስ ስለተመታ ድንጋይና አሸዋ ብቻ ቀርቶታል። ልዩነቱ የሚታየው ነፋስ በማይደርስባቸው ጥግ ያዙ ባሕረ ሰላጤዎች፣ በትናንሽ ሐይቆችና በጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ነው። በእነዚህ ቦታዎች አፈሩ ለስላሳ ሆኖ የቆየው፣ ሸምበቆውና ፊላውም የበቀለው ኃይለኛ ሞገድ ስለማያውቀው ነው፤ ስለዚህ ጀልባው ለቦታው እንግዳ የሆነ ኃይል ይዞበት ይገባል።

የሞገድ ጉልበት ከቁመቱ ጋር በቀጥታ ሳይሆን በቁመቱ ስኩዌር ልክ ያድጋል። ቁመቱ ከ20 ሳንቲ ሜትር ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ሲያድግ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በመሆኑም ጥቂት ትላልቅ ሞገዶች ከብዙ ትናንሽ ሞገዶች ይልቅ ዳርቻን ይሸረሽራሉ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ደግሞ የፍጥነት ጉዳይ ነው። ጀልባ በዝግታ ሲሄድ ውሃውን እየከፈለ ያልፋል፤ ሞገዱም ትንሽ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ሲሄድ አፍንጫው ዝቅ ብሎ በውሃው ገጽ ላይ ይንሸራተታል፤ ሞገዱ ከሚጠበቀው በታች ይሆናል። ትልቁን ሞገድ የሚያስነሳው በሁለቱ መካከል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ተነሥቶ የኋላ ክፍሉ ወደ ውሃው ሲሰምጥ ነው። «ትንሽ ቀነስ አድርግ» የሚል ማሳሰቢያ የሰማ ሹፌር ፍጥነቱን በከፊል ብቻ ከቀነሰ ጉዳቱን ሊያብሰው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዳርቻ አካባቢ የሚረዳው እስከ ዝቅተኛው የእርምጃ ፍጥነት ድረስ መቀነስ ነው።

ሆን ተብሎ ትልቅ ሞገድ እንዲፈጥሩ የተሠሩ የመንሸራተቻ ስፖርት ጀልባዎች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። እነዚህ ጀልባዎች ታንካቸውን በውሃ ሞልተው የኋላ ክፍላቸውን ያከብዳሉ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት፣ ተራ የመዝናኛ ጀልባ በ60 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚኖረውን የሞገድ ልክ የእነዚህ ጀልባዎች ሞገድ የሚደርስበት ከ150 ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ነው። ወርዱ ከ300 ሜትር በታች በሆነ ሐይቅ ላይ ይህን ርቀት ከሁለቱም ዳር መጠበቅ አይቻልም።

ፕሮፔለሩ ወለሉን ካልነካ ደለሉ እንዴት ይነሳል?

ፕሮፔለር ውሃን ወደ ኋላ ብቻ አይገፋም፤ የሚወረውረው ውሃ እየሰፋ ወደ ታችም ይወርዳል። ከ3 ሜትር ያነሰ ጥልቀት ባለው ቦታ ላይ የተለመደ የመዝናኛ ጀልባ ሞተር እንኳ ለስላሳ ደለልን ሊያስነሳ ይችላል፤ በተለይ ጀልባው ከቆመበት ተነሥቶ ፍጥነት በሚይዝበት ጊዜ፣ የኋላ ክፍሉ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ኃይሉ በቀጥታ ወለሉን ይመታል።

የተነሣው ደለል ሦስት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ ብርሃንን ይጋርዳል፤ በውሃው ሥር የሚበቅሉ ተክሎችም ይዳከማሉ። ተክሎቹ ሲዳከሙ ወለሉን አጥብቆ የሚይዝ ሥር ስለማይኖር በሚቀጥለው ጊዜ ደለሉ ይበልጥ በቀላሉ ይነሳል፤ ጉዳቱ ራሱን እያባባሰ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ደለሉ ተመልሶ ሲሰፍር የዓሣ እንቁላሎችን ሸፍኖ አየር ያሳጣቸዋል። ሦስተኛው ብዙም የማይወራለት፣ በእኔ እምነት ግን ከሁሉ የሚከብደው ነው፦ ለዘመናት ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የገባ ፎስፈረስ በሐይቁ ወለል ደለል ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። ደለሉ ሲታመስ ይህ ፎስፈረስ ወደ ውሃው ተመልሶ ዋቅላሚን (ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ) ይመግባል። ሐይቁ የቀበረውን ጀልባው ቆፍሮ ያወጣዋል ማለት ነው።

የውሃ መደፍረስ በዓሦች ላይ የሚያደርሰው ነገር ከመታፈን ያለፈ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ የሚኖሩ የሲክሊድ ዝርያ ዓሦች የትዳር አጋራቸውን የሚለዩት በቀለም ነው፤ ውሃው በደፈረሰበት ቦታ ቀለምን መለየት ስለሚያቅታቸው ዝርያዎች እርስ በርስ እየተቀላቀሉ ልዩነታቸው መጥፋቱን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። የዚያ ሐይቅ መደፍረስ ዋና መነሻ ከየብስ የሚገባው አፈርና ንጥረ ነገር እንጂ ጀልባ አይደለም፤ ነገር ግን ጥርት ያለ ውሃ ለሐይቅ ፍጥረታት ምን ያህል መሠረታዊ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

የሞተሩ ዓይነት ለውጥ ያመጣል?

ከፍተኛ ለውጥ ያመጣል። ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ያላቸው የቀድሞዎቹ ባለሁለት ምት ሞተሮች ከሚወስዱት ነዳጅ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ሳያቃጥሉ ከጭሱ ጋር ወደ ውሃው ይለቁታል። ዘይቱም ከነዳጁ ጋር ስለሚደባለቅ አብሮ ይወጣል። ባለአራት ምት ሞተሮችና ነዳጅን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩት አዳዲስ ባለሁለት ምት ሞተሮች ይህን ብክነት በእጅጉ ቀንሰዋል።

ከነዳጅና ከጭስ የሚገኙ አንዳንድ ውህዶች የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው መርዛማነታቸው ይጨምራል። ጨረሩ ጠልቆ በሚገባበት ጥርት ያለ ሐይቅ ውስጥ የዓሣ ጫጩቶችና ጥቃቅን የውሃ እንስሳት በአነስተኛ መጠን ይጎዳሉ፤ ንጹሕ የሆነው ሐይቅ ይበልጥ ተጋላጭ የሚሆንበት አጋጣሚ ነው። የታሆ ሐይቅ አስተዳዳሪዎች ካርቡሬተር ያላቸውን ባለሁለት ምት ሞተሮች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያገዱ ሲሆን፣ በውሃው ውስጥ የሚለካው የነዳጅ መጠንም ከዚያ በኋላ በግልጽ ቀንሷል። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ በሕግ ሊቃለልና ውጤቱም በቶሎ ሊታይ የሚችለው ይህ ጉዳይ ነው።

ነዳጅ ውሃ ላይ ሲፈስ ሳሙና ማድረግ ይጠቅማል?

አይጠቅምም፤ ይጎዳል። ሳሙና ነዳጁን አያጠፋውም፤ ሰባብሮ ወደ ታች እንዲሰምጥ ያደርገዋል እንጂ። ከላይ ተንሳፎ በመምጠጫ ጨርቅ ሊሰበሰብ ይችል የነበረው ነዳጅ ከውሃው ጋር ይቀላቀላል፤ ሳሙናው ራሱም የዓሦችን ስንጥብ ይጎዳል። ትክክለኛው እርምጃ ምንጩን መዝጋት፣ በመምጠጫ ጨርቅ መሰብሰብና ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ነው። አብዛኛው መፍሰስ የሚከሰተው ነዳጅ በሚሞላበት ጊዜ ነው፤ ታንኩን እስከ አፉ አለመሙላትና ተንቀሳቃሽ ጀሪካንን የብስ ላይ መሙላት ብዙውን ያስቀራል። በጀልባው ወለል ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ብዙ ጊዜ ዘይት ስለሚኖርበት፣ በፓምፕ ወደ ሐይቁ ከመጣሉ በፊት ዘይቱ በመምጠጫ መወሰድ አለበት።

የኤሌክትሪክ ጀልባ ችግሩን ይፈታዋል?

የነዳጁን፣ የጭሱንና የድምፁን ትልቅ ክፍል ይፈታል። በጀርመን ባቫርያ በሚገኘው ኮኒግዜ ሐይቅ የመንገደኛ ጀልባዎች እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ቴክኖሎጂው አዲስ ነው የሚለው ምክንያት አያስኬድም። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ሞተርም ፕሮፔለር አለው፤ በፍጥነት ከተነዳ ሞገድ ያስነሳል፤ ደለል ይበጠብጣል፤ ከሌላ ሐይቅ የመጣ እንደሆነም አብሮት የሚመጣውን አይመርጥም።

መርከቦች ባዕድ ዝርያዎችን ወደ ሐይቅ የሚያመጡት እንዴት ነው?

ጭነቱን ያራገፈ መርከብ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ውሃ ወደ ታንኮቹ ይቀዳል፤ ይህ ባላስት ውሃ ይባላል። መርከቡ ሌላ ወደብ ደርሶ ጭነት ሲቀበል ውሃውን ይለቃል። በሺዎች የሚቆጠር ቶን ከሚመዝነው ከዚህ ውሃ ጋር እጮች፣ እንቁላሎች፣ ጥቃቅን የሸርጣን ዘመዶች (ክሩስታሺያኖች) እና ባክቴሪያዎች ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው ይጓዛሉ።

የዓለም ትልቁ ማስተማሪያ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የሴንት ሎረንስ የመርከብ መተላለፊያ ሲከፈት ውቅያኖስ አቋራጭ መርከቦች ወደ ሐይቆቹ መሀል መግባት ጀመሩ። ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር ተፋሰስ የመነጨው ዜብራ መስል የተባለ ባለዛጎል እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1988 በሴንት ክሌር ሐይቅ ተገኘ፤ በ1990 በአምስቱም ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ታይቶ ነበር። የቅርብ ዘመዱ ኳጋ መስልና ራውንድ ጎቢ የተባለው ዓሣም በዚያው ጊዜ ተከታትለው ታዩ። በአሁኑ ጊዜ በእነዚህ ሐይቆች ውስጥ ከ180 በላይ ባዕድ ዝርያዎች ይገኛሉ።

ቦዮችም ራሳቸው በር ናቸው። ላምፕሬ የተባለው ደም መጣጭ ዓሣ መሰል ፍጥረት ከኦንታርዮ ወደ ላይኞቹ ሐይቆች እንዳይወጣ የናያጋራ ፏፏቴ አግዶት ነበር፤ የዌላንድ ቦይ ፏፏቴውን እንዲዞር መንገድ ከፈተለትና እ.ኤ.አ. በ1921 በኢሪ ሐይቅ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በላይኞቹ ሐይቆች የትራውት ዓሣ ሀብት ወድሟል፤ ላምፕሬውን ለመቆጣጠርም እስከ ዛሬ በየዓመቱ ገንዘብ ይወጣል።

መከላከል ይቻላል ወይ ለሚለው፣ አዎን፣ ይቻላል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2006፣ አሜሪካ ከ2008 ጀምሮ ወደ ታላላቅ ሐይቆች የሚገቡ መርከቦች ባዶ የሚመስሉ ታንኮቻቸውን ሳይቀር በውቅያኖስ መሀል በጨዋማ ውሃ እንዲያጥቡ አስገደዱ፤ የጨው አልባ ውሃ ፍጥረታት ጨውን ስለማይቋቋሙ የአዳዲስ ወራሪዎች መምጣት እጅግ ቀንሷል። በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2004 የጸደቀው የባላስት ውሃ ስምምነት መስከረም 8 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ውሏል። በስምምነቱ መሠረት በሚለቀቅ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ፣ መጠናቸው 50 ማይክሮ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ በሕይወት ያሉ ፍጥረታት ከ10 ማነስ አለባቸው። የሚያሳዝነው እርምጃው ከወራሪዎቹ በኋላ መምጣቱ ነው።

ዜብራ መስል ውሃ ያጣራል ይባላል፤ ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው?

አንዱ በቀን እስከ አንድ ሊትር ውሃ ያጣራል። ችግሩ የሚያጣራው ነገር የሐይቁ ምግብ መሆኑ ነው። ጥቃቅን ዋቅላሚዎችን ሲጨርስ እነርሱን የሚመገቡ እንስሳት፣ ቀጥሎም ትናንሽ ዓሦች ይራባሉ። መርዝ የሚያመነጨውን ማይክሮሲስቲስ የተባለ ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ ግን መልሶ ይተፋዋል፤ ተወዳዳሪ ያጣው ማይክሮሲስቲስም ይስፋፋል። ውሃው ሲጠራ ብርሃን ወለሉ ድረስ ስለሚደርስ ክር መሰል ዋቅላሚ በዳርቻ ተከምሮ ይበሰብሳል። እንስሳው በጠንካራ ነገር ላይ ሁሉ ስለሚጣበቅ የውሃ መሳቢያዎችንም ይዘጋል፤ በኢሪ ሐይቅ ዳር የምትገኘው የሞንሮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ዛጎሎቹና በረዶ ተባብረው መሳቢያዋን ስለዘጉባት ውሃ ተቋርጦባት ነበር። ስለዚህ የውሃ መጥራት ሁልጊዜ የጤንነት ምልክት አይደለም።

ሐይቃችን መርከብ አይገባበትም። ስለ ወራሪ ዝርያዎች መጨነቅ አለብን?

አለባችሁ። መርከብ ወደ አህጉሩ ያስገባውን ወደየሐይቁ የሚያከፋፍለው በተጎታች የሚጓጓዘው ትንሽ ጀልባ ነው። ኳጋ መስል እ.ኤ.አ. በ2007 በምዕራብ አሜሪካ በረሃ መሀል በሚገኘው ሚድ ሐይቅ ሲገኝ፣ ከታላላቅ ሐይቆች እዚያ ድረስ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በየብስ ተጉዞ እንጂ ዋኝቶ አልነበረም። የእጮቹ መጠን በዓይን አይታይም፤ በሞተር ማቀዝቀዣ፣ በዓሣ ማኖሪያ ታንክ ወይም በእርጥብ መረብ ውስጥ ለቀናት ሊቆዩ ይችላሉ። የውሃ ተክሎችም እንዲሁ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከፕሮፔለር ጋር ከተጠመጠመ ቁራጭ ግንድ ብቻ እንደገና ይበቅላሉ። በእንቦጭ የተወረረ ውሃ ውስጥ የገባ ጀልባ ቁራጩንም ዘሩንም ይዞ ሊወጣ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሳያቋርጡ መፈጸሙ ነው። ጀልባው ከውሃ እንደወጣ ተክልና ጭቃው በእጅ ይለቀማል፤ ውሃ የያዘ ነገር ሁሉ እዚያው ዳር ይደፋል፤ ከዚያም ጀልባው ሌላ ውሃ ከመንካቱ በፊት ቢያንስ ለ5 ቀናት ይደርቃል። ጊዜ ከሌለ በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቅ ውሃ ማጠብ ይቻላል። መልሕቅ፣ ገመድና ጫማ አብረው ይታጠባሉ። አንድ ሐይቅ ሁለትና ሦስት የጀልባ ማስገቢያ ብቻ ካለው፣ በእያንዳንዱ ላይ መርማሪ ሰው ማቆም ለሐይቁ ከሚወጣ ከማንኛውም ወጪ ይቀድማል እላለሁ፤ ነዳጅ ይተናል፣ ደለል ይሰፍራል፣ የገባ ወራሪ ግን ተመልሶ አይወጣም።

የጀልባ ቀለም ምን ጉዳት አለው?

ጀልባ ላይ ዋቅላሚና ባለዛጎል እንስሳ እንዳይጣበቅ የሚቀባው ቀለም የሚሠራው ቀስ በቀስ መርዝ በመልቀቅ ነው። ትሪቡቲልቲን የተባለው የቲን ውህድ ለውሃ እንስሳት እጅግ መርዛማ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2001 በጸደቀውና በ2008 ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል። ቦታውን የወሰደው መዳብ ነው፤ መዳብም ዋቅላሚንና ጥቃቅን እንስሳትን ይጎዳል፣ የዓሦችን የማሽተት ችሎታ ያዳክማል፣ በወደብ ደለል ውስጥም ይከማቻል። ጀልባውን በየጊዜው አውጥቶ መቦረሽ ለሚችል ሰው መርዛማ ቀለም አስፈላጊ አይደለም። የቆየ ቀለም ሲፋቅ ብናኙ በሸራ ላይ መሰብሰብ አለበት፤ ወደ ውሃው መጥረግ መርዙን አንድ ላይ መድፋት ነው።

የሽንት ቤት ፍሳሽን ከዳር ርቆ መልቀቅ ይቻላል?

በሐይቅ ላይ አይገባም። ፍሳሹ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንንም ፎስፈረስና ናይትሮጅንንም ይዟል፤ ሐይቁ ብዙ ጊዜ የሚጠጣ ውሃ ምንጭ ነው። በታንክ ይዞ ወደብ ላይ በሚገኝ መቅጃ ማራገፍ ብቸኛው ትክክለኛ መንገድ ነው። መቅጃ ሳያዘጋጁ መከልከል ግን ውጤት አያመጣም።

ድምፅና እንቅስቃሴ በእንስሳት ላይ ምን ያደርሳሉ?

ድምፅ በውሃ ውስጥ በአየር ከሚጓዝበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ይጓዛል፤ የሞተር ድምፅም ሩቅ ይሰማል። የጀልባ ድምፅ የተሰማቸው የጨው አልባ ውሃ ዓሦች በሰውነታቸው ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን እንደሚጨምር በሙከራ ታይቷል። በውሃ ጠርዝ ላይ ወይም በተንሳፋፊ ሣር ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች ደግሞ በሁለት መንገድ ይጎዳሉ፦ ሞገዱ እንቁላሉን ያጥባል፤ ወይም እናትየዋ ደንግጣ ስትነሣ እንቁላሉ ለፀሐይና ለአዳኝ ይጋለጣል። ሞተር የሌላት ታንኳም ብትሆን ወደ ጎጆ ከተጠጋች ወፍ ታስነሣለች። ስለዚህ በመራቢያ ወራት የተወሰኑ ሸምበቆዎችን ለማንኛውም ጀልባ መዝጋት ተገቢ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ መዝጋት ግን አስፈላጊ ላይሆን ይችላል።

በሐይቃችን የታየው ጉዳት ከጀልባ ይሁን ከእርሻ እንዴት እናውቃለን?

በብዙ ሐይቆች ውስጥ ትልቁ የንጥረ ነገር ምንጭ የብስ ነው፤ ይህን ሳይመረምሩ ጥፋቱን ሁሉ በጀልባ ላይ መጫን እውነቱንም መፍትሔውንም ያርቃል። ጣሊያናዊው አንጀሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የሞከረው መሣሪያ ዛሬም ይሠራል፦ ክብ ሳሕን በገመድ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። ጀልባ በሚበዛባቸው የዕረፍት ቀናትና ጸጥ ባሉ የሥራ ቀናት፣ ጀልባ በሚመላለስበትና በማይደርስበት ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይለካ። ከዝናብ በኋላ ብቻ የሚደፈርስ ከሆነ ምንጩ ከየብስ የሚታጠበው አፈር ነው፤ ዝናብ ሳይኖር በዕረፍት ቀናት ማግስት ደጋግሞ የሚደፈርስ ከሆነ ግን ወደ ጀልባዎቹ ያመለክታል። ነፋስ የነበረባቸውን ቀናት ለይቶ መጻፍ አይዘነጋ፤ ልኬቱም ማንኛውም የፍጥነት ወይም የርቀት ደንብ ከመውጣቱ በፊት ቢጀመር፣ ደንቡ ለውጥ ማምጣቱን በኋላ በማስረጃ ማሳየት ይቻላል።